ማሊያ የሌለው የአባይ አቀበት
ከዲማ ሰፈር ተነስቶ አባይን በብስክሌት መሻገር ከፈረንሳይ ተራሮች በምን ያንሳል?

ሐምሌ ሲገባ የእግር ኳስ አፍቃሪው ይጨንቀዋል። የአውሮፓ ሊጎች ተዘግተዋል፣ የቀረው የዝውውር ወሬ ብቻ ነው። ከልማድ የተነሳ ሰፈሩ ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ስክሪኑ ላይ የሚያገኘው ኳስ ሳይሆን ብስክሌት ነው፤ ቱር ደ ፍራንስ። መጀመሪያ “ኧረ ይሄን ቀይሩልን!” ብሎ ይጮሃል። ሄሊኮፕተሩ ከላይ ሆኖ ወንዙን፣ የወይን ማሳውን፣ በዛፍ የታጠረውን ቦይና ጠመዝማዛውን ዳገት ሲያሳየው ግን ቀስ በቀስ ዝም ይላል። ከዚያ አንዱ ይጠይቃል፦ “እኛ አገር እንዲህ ያለ መንገድ የለም እንዴ?”

አለ። ያውም ጎጃም ውስጥ።

ቦዩም ዳገቱም እንጀራ ነው

በፈረንሳይ ገጠር ብስክሌት የሚነዳው ቢጫ ማሊያ የሚያሳድደው ፕሮፌሽናል ብቻ አይደለም። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸውን ያስከተሉ ወላጆች፣ ከዩኒቨርሲቲ እረፍት የወጡ ወጣቶች ድንኳንና ልብሳቸውን ብስክሌታቸው ላይ ጭነው ለሳምንታት ይጓዛሉ። ከሚወደዱት መንገዶች አንዱ ካናል ዱ ሚዲ የተባለው ቦይ ዳር ያለው ነው። ቦዩ ከ1666 እስከ 1681 እ.ኤ.አ. የተቆፈረ ሲሆን ከቱሉዝ ከተማ ተነስቶ 240 ኪ.ሜ. ያህል ተጉዞ ከሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ይደርሳል። ድሮ ፈረሶች ጀልባ እየጎተቱ የሚሄዱበት የቦዩ ዳር ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። የጭነት ጀልባዎቹ ሥራ ሲያቆሙ ቦዩ አልሞተም። እንዲያውም በ1996 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዳሩ ያሉት መንደሮችም ለብስክሌተኛው አልጋ እያከራዩ፣ ምግብ እየሸጡ፣ ጎማ እየጠገኑ ይኖራሉ።

ሜዳው የሰለቸው ደግሞ ወደ ዳገቱ ይዞራል። ሞን ቬንቱ ከሁሉም የሚፈራው ነው። ከቤዱዋን መንደር እስከ ጫፉ 21 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሆን 1,600 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. ክሪስ ፍሩም ብስክሌቱ ተሰብሮበት ቢጫ ማሊያውን እንደለበሰ በእግሩ የሮጠው እዚህ ተራራ ላይ ነው። ተራው ሰውም እዚያው ዳገት ላይ ላቡን ጠብ እያደረገ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ፎቶ ተነስቶ ይወርዳል። ስታዲየሙ ለሁሉም ክፍት ነው፣ መግቢያ ቲኬት የለውም።

ከሰብለወንጌል አገር

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። ከብቸና ከተማ ብዙም ሳይርቅ ዲማ አለ። ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ስንት የቅኔ ሊቅ እንዳፈራ የአገሬው ሰው ይናገራል። ለከተሜው ግን ዲማን ያስተዋወቁት ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ ናቸው። “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ የሰብለወንጌል አባት የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያለው ዲማ ነው። ሀዲስ ራሳቸውም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ገዳማት አንዱ ዲማ ነበር። ሰብለወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ ጠፍታ የወጣችው በእግሯ ነው። ዛሬ ይህንኑ አቅጣጫ ይዞ ወደ አዲስ አበባ በብስክሌት የሚወርድ ሰው ቦይ አያገኝም። የሚያገኘው የጤፍ ማሳ፣ በቀኙ የጮቄ ተራራን፣ ከጮቄ እየወረዱ ወደ አባይ የሚገሰግሱ ወንዞችን ነው። ከብቸና ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ለረጅም ዓመታት ጠጠር ሆኖ የኖረ ነው። ደጋ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጋቢ ያስናፍቃል። ለሞቅታ የሚሆን ማለፊያ መንገድ ነው፤ ጨዋታው ግን ገና አልተጀመረም።

ጨዋታው የሚጀመረው ደጀን ላይ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ አቀበት። ደጀንም ጎሐ ጽዮንም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋሉ፣ በመካከላቸው ያለው ድልድይ ግን 1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ለዓይን ያስደስታል፣ ለእጅ ግን አይደለም። ፍሬን ሲጨብጡ ቆይተው ታች ሲደርሱ ጣት አልታዘዝ ይላል። ከፊት የጭነት መኪና ፍሬኑ እየሸተተ ያዘግማል፣ ከጎን ዝንጀሮ መንገዱን ያቋርጣል። ላይ የነበረው ብርድ ታች የበረሃ ወበቅ ይሆናል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አሮጌው ከነታሪኩ ቆሟል፤ አጠገቡ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና በ2008 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ ከ300 ሜትር በላይ ተዘርግቷል።

ከዚያ ሽቅብ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል፣ 1,400 ሜትር ገደማ። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያጎበጠበትና የሰነጠቀበት ቦታም አለ። ቁጥሩን ከቬንቱ ጋር አስተያዩት። ርዝመቱ ተቀራራቢ ነው፣ ሽቅቡ በጥቂቱ ያንሳል። ግን ቬንቱ ጫፉ 1,900 ሜትር ላይ ያልቃል፤ የአባይ አቀበት የሚያልቀው ከዚያም 600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ፈረንሳዩ ጫፍ ደርሶ ፎቶ በሚነሳበት ከፍታ ላይ የእኛው ብስክሌተኛ ገና ፔዳል እየረገጠ ነው። አየሩም ከዚያ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ፈረንጆቹ ቀድመውናል

ይህን የተረዱት ከውጭ የመጡ ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. “ቱር ዳፍሪክ” የተባለ ጉዞ ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን ገባ። 12,000 ኪ.ሜ. ገደማ፣ አራት ወር ያህል የሚፈጅ ጉዞ ነበር። የሚወዳደር ይወዳደራል፣ የማይፈልግ ራሱን ለመፈተን ብቻ ይነዳል። ማታ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፣ ጓዛቸውን መኪና ይይዝላቸዋል። አንዲት ኢንች ሳይቀር በራሱ እግር ነድቶ የጨረሰ በጓደኞቹ ዘንድ ልዩ ክብር አለው። ጉዞው ኢትዮጵያን ሲያቋርጥ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በጎጃም ይወርድ ነበር። የአባይ አቀበትም በሰዓት የሚለካ የግል ፉክክር ተደርጎለት ያውቃል። ከድልድዩ አንድ በአንድ ይለቀቁ፣ ላይ ሰዓት የያዘ ሰው ይጠብቃቸው ነበር።

ታዲያ እነዚህ ተጓዦች አገራቸው ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ አቀበቱ ብቻ አይደለም። “ዩ! ዩ! ዩ!” እያለ በየመንደሩ ስለሚያጅባቸው ሕፃን፣ “ሃይላንድ!” እያለ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ስለሚጠይቀው፣ አንዳንዴም ድንጋይ ስለሚወረውረው ያወራሉ። ድንጋዩ እውነት ነው፤ መደበቅ አይጠቅምም። ነገሩን ግን በልጁ ቦታ ሆኖ ማየትም ያስፈልጋል። ቡድኑ በዓመት አንድ ቀን በፊቱ ሽው ብሎ ያልፍ ነበር። አይቆምም፣ ከእናቱ ሻይ አይገዛም፣ ስሙንም አይጠይቀውም ነበር። ካናል ዱ ሚዲ ዳር ያለ ልጅ ብስክሌተኛን የሚያውቀው የቤቱ ደንበኛ አድርጎ ነው። የብቸናና የደጀን ልጅ የሚያውቀው ግን የሚያልፍ ትርዒት አድርጎ ነው። ሜዳው የእሱ፣ ጨዋታው የሌላ ሰው ሆኖበታል።

የእኛስ ጋላቢ?

“ብስክሌት የእኛ ስፖርት አይደለም” የሚል ካለ ታሪክ አያውቅም። በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከልዑካኑ መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ ከእነዚያ አንዱ ናቸው። ያኔ አበበ ቢቂላ ገና ሮምን አላየም። ከ60 ዓመት በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. የትግራዩ ጽጋቡ ግርማይ የላምፕሬ ሜሪዳን ማሊያ ለብሶ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ፍሩም ቬንቱ ላይ የሮጠበት ያው ቱር ነው። ጎረቤት ኤርትራማ ርቃ ሄዳለች። ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 እ.ኤ.አ. የተራራ ንጉሡን ባለ ነጠብጣብ ማሊያ ለበሰ፣ ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። እኛ ባሕር ዳርን የሚያህል በብስክሌት የሚታወቅ ከተማ፣ አባይን የሚያህል አቀበት ይዘን ማሊያ የሚያስለብስ ውድድር እዚያ አላቋቋምንም።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የጎጃም መንገድ እንኳን ድንኳን ጭኖ ለሚጓዝ ብስክሌተኛ ለአገሬው መንገደኛም አስጊ ሆነ። ሰው ወጥቶ መግባቱን በሚጠራጠርበት ቦታ ስለ ብስክሌት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብስክሌተኛ ያለ ጠባቂ፣ ያለ መስታወት፣ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር አቀበት እየወጣ የሚያልፍበት መንገድ ሰላም ለመሆኑ ሌላ ምስክር አያሻውም።

ያ ቀን ሲመጣ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ድልድዩ ጋ ጠመኔ የተሰመረበት መነሻ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ሰዓት የያዘ ዳኛና አንድ ማሊያ። ዲማ ላይ ደግሞ ለተጓዡ አልጋ አንጥፋ የምትጠብቅ እናት። “ዩ! ዩ!” ሲል የኖረው ልጅም ያን ጊዜ ዳር ቆሞ አይጮህም፤ ቁጥር ለጥፎ ከመነሻው መስመር ላይ ይሰለፋል። አቀበቱን በእግሩ ሲወጣው ያደገ ነው፤ የሜዳው ጥቅም የእሱ ነው።