የአይሮፕላን ማረፊያና ጎረቤቶቹ

የአይሮፕላን ማረፊያ ለአንድ አገር ታላቅ በር ነው። እንግዳ ይገባበታል፤ ንግድ ይወጣበታል፤ በሽተኛ ለሕክምና ይሄድበታል፤ ለትምህርት የራቀ ልጅም ወደ ወላጆቹ ይመለስበታል። ስለዚህ ጥቅሙን የሚክድ አስተዋይ ሰው አይገኝም። ነገር ግን በዚህ በር የሚያልፈው መንገደኛ ድምፁን የሚሰማው ለጥቂት ጊዜ ሲሆን በበሩ አጠገብ የሚኖረው ቤተ ሰብ ግን ቀንም ሌሊትም ይሰማዋል። ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልንናገርለት ያሰብነው ስለዚሁ ጎረቤት ነው። ስለ ድምፁና ስለ መሬቱ አጠቃቀም እርሱን አስቀድሞ መጠየቅ ለርኅራኄ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ሥራው ሳይሰናከል እንዲፈጸም የሚያደርግ ጥበብም ነው። ይህንንም በውጭ አገር የሆነው ነገር በግልጽ ያስረዳልና ጥቂቱን እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ድምፁ መጠን ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፅ የሚለካው ዴሲቤል በሚባል ልክ ነው። ይህም ልክ እንደ ክንድና እንደ ሜትር አይቈጠርም። ዐሥር ዴሲቤል በተጨመረ ቍጥር የድምፁ ኀይል ዐሥር እጥፍ ይሆናል፤ በሰው ጆሮ ግን እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። የዓለም የጤና ድርጅት የአውሮፓ ክፍል በ2018 ባወጣው ምክር፣ ከአይሮፕላን የሚመጣው ድምፅ የቀኑና የሌሊቱ በአንድነት ተመዛዝኖ ከ45 ዴሲቤል፣ የሌሊቱ ብቻ ደግሞ ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን አሳስቧል። ምክንያቱም ከዚህ በላይ ሲሆን እንቅልፍን ይሰብራል፤ ውሎ ሲያድርም ጤናን ይጐዳል። የቤቱ ጌታ «እኔስ ለምጄዋለሁ» ቢል እንኳ ሰውነቱ በእንቅልፍ ሳለ ድምፁን መስማቱን አይተውም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ወላጅን ሊያሳስብ የሚገባው የልጆች ነገር ነው። በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ሪም የሚባለው አሮጌ ማረፊያ በግንቦት ወር 1992 ተዘግቶ ሥራው በአንድ ሌሊት ከከተማው ርቆ ወደ ተሠራው አዲስ ማረፊያ ተዛወረ። ሊቃውንትም ይህን አጋጣሚ አስቀድመው አውቀው ስለ ነበረ፣ ዕድሜያቸው ዐሥር ዓመት ያህል የሆነ 326 ልጆች መርጠው ዝውውሩ ሳይሆን አንድ ጊዜ፣ ከሆነም በኋላ ሁለት ጊዜ ፈተኗቸው። ከልጆቹም አንዳንዶቹ በአሮጌው፣ አንዳንዶቹ በአዲሱ ማረፊያ አጠገብ የሚኖሩ ነበሩ፤ ለማመዛዘኛ የሚሆኑ ጸጥ ባለ ሰፈር የሚኖሩ ልጆችም ተጨምረው ነበር። ውጤቱ በ2002 ታትሞ ሲወጣ፣ በአዲሱ ማረፊያ አጠገብ ባሉት ልጆች ላይ ንባብና ነገርን አቈይቶ የማስታወስ ችሎታ መቀነሱ ታየ። በአሮጌው ማረፊያ አጠገብ የነበሩት ግን ድምፁ ከተወገደላቸው በኋላ በዚያው በጐደለባቸው ነገር እየተሻሻሉ ሄዱ። እንግዲህ ልጁ በትምህርቱ የደከመው በስንፍና ነው ብሎ ከመቈጣት በፊት ትምህርት ቤቱ በምን ስፍራ እንደ ተሠራ መመልከት ይገባል ማለት ነው። ደግሞም የድምፁ መወገድ ልጆቹን እንዲሻሻሉ ማድረጉ፣ ጉዳቱ የዕድል ነገር ሳይሆን ሰው በአሳቡ ሊከለክለው የሚችል መሆኑን ያሳያል።

ጎረቤትን ሳይጠይቁ መጀመር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማወቅ የጃፓንን አገር ታሪክ መመልከት ይበቃል። የጃፓን መንግሥት ለቶኪዮ ከተማ ሁለተኛ ታላቅ ማረፊያ ለመሥራት አስቦ በ1966 ከከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በናሪታ አጠገብ ሳንሪዙካ የሚባለውን ስፍራ መረጠ። በዚያ የንጉሠ ነገሥቱ የከብት እርባታ መሬት ስለ ነበረ ሥራው ቀላል ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። በዙሪያው ግን ገበሬዎች ይኖሩ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጥተው ምድረ በዳውን በእጃቸው መንጥረው እርሻ ያደረጉ ነበሩ። ውሳኔው የተነገራቸው ከተቈረጠ በኋላ ነው እንጂ አስቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። መሬታቸውን በገንዘብ ለውጠው የሄዱ ብዙዎች ነበሩ፤ የቀሩት ግን ማኅበር አቁመው «አንሄድም» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያሳዝናል። ከከተማ የመጡ ተማሪዎች ከገበሬዎቹ ጋር ተባበሩ፤ መንግሥትም በ1971 መሬቱን በግዴታ ለመውሰድ ፖሊስ ላከ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በተደረገው ግጭት ሦስት ፖሊሶች ሞቱ። ማረፊያው በመጋቢት ወር 1978 ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ተቃዋሚዎች የበረራ መቈጣጠሪያውን ማማ ሰብረው ገብተው መሣሪያውን አጠፉ። ስለዚህ መክፈቻው ወደ ግንቦት ወር ተዛወረ። የተከፈተውም በአንድ ሜዳ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ማኮብኰቢያ እስከ 2002 አልተሠራም። ሲሠራም በታሰበው ስፍራ ያልተሸጠ መሬት ስለ ነበረ ርዝመቱ 2,180 ሜትር ብቻ ሆነ። 2,500 ሜትር የሆነው በ2009 ነው። እንግዲህ የጥቂት ወራት ምክር የተቈጠበ መስሎ ሳለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተከፈለበት።

የጃፓን ሰዎች ይህን ካዩ በኋላ መንገዳቸውን ለወጡ። ከ1991 እስከ 1993 መንግሥትና ገበሬዎች ገለልተኛ በሆኑ ሊቃውንት ፊት ለ15 ጊዜ ተሰብስበው በግልጽ ተነጋገሩ፤ ቀጥሎም እስከ 1994 ድረስ ለ12 ጊዜ በክብ ገበታ ተቀመጡ። መንግሥትም አስቀድሞ ከሕዝቡ ጋር ሳይስማማ መጀመሩ ስሕተት እንደ ነበረ አመነ፤ መሬትንም በግዴታ እንዳይወስድ ቃል ገባ። ለማረፊያው ዙሪያ የወጣው የ1978 ሕግ ደግሞ አገሩን እንደ ድምፁ መጠን በክልል ከፈለው። ድምፁ እጅግ በሚበረታበት ክልል መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እንዳይሠራ ከለከለ፤ ከዚያ ባነሰበት ክልል የሚሠራው ቤት ድምፅን እንዲከላከል ሆኖ እንዲታነጽ አዘዘ። ማረፊያውም ሲከፈት ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት በረራ እንዳይደረግበት ተወስኖ ነበር።

የዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም በ2001 ለአባል መንግሥታት አራት መንገድ አመለከተ። የመጀመሪያው ድምፁ አነስ ያለ አይሮፕላን መሥራት ነው፤ ሁለተኛው መሬቱን በሥርዓት መደልደል፤ ሦስተኛው አነሣሡንና አወራረዱን ማሻሻል፤ አራተኛው የበረራውን ሰዓትና ብዛት መወሰን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አይሮፕላኑ ጸጥ እያለ ሲሄድ ሰው ደግሞ ቤቱን ወደ ሜዳው እያስጠጋ ስለሚሠራ የተገኘው ትርፍ ተመልሶ ይጠፋል። ስለዚህ በማኮብኰቢያው አቅጣጫ ያለው መሬት ለዕቃ ግምጃ ቤት፣ ለፋብሪካና ለእርሻ ቢሰጥ ይሻላል። የቈሻሻ መጣያ ግን አሞሮችን ስለሚሰበስብና ለበረራ አደገኛ ስለሆነ በዚያ ስፍራ አይደረግም።

ጎረቤት የሚጠየቀው ቅሬታውን ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ሌላው የማያውቀውን ስለሚያውቅ ጭምር ነው። በሆላንድ አገር በአምስተርዳም አጠገብ ባለው በስኪፖል ማረፊያ በ2003 አዲስ ማኮብኰቢያ ሲከፈት፣ አይሮፕላን ሲነሣ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ በረባዳው መሬት ላይ እየተንከባለለ እስከ መንደሮቹ ይደርስ ጀመር፤ ነዋሪዎቹም አብዝተው ጮኹ። ኋላ ግን ገበሬዎች በመከር ወራት እርሻቸውን ሲያርሱ ድምፁ የሚቀንስ መሆኑ ተስተዋለ። ለካ ትልሙ ድምፁን እየሰባበረ ይበትነው ኖሯል። ሊቃውንት ይህንኑ መርምረው ታላላቅ ትልም መሳይ የአፈር ክምሮች በሥርዓት አስደረደሩ፤ ስፍራውም በ2013 የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። ማረሻ ለድምፅ መከላከያ ይሆናል ብሎ ማን ባሰበ ነበር?

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የልደታን ማረፊያ ሲተካ ከከተማው ውጭ በሆነ ሜዳ ላይ ነበር። ዛሬ ግን ከተማው ሰፍቶ ከብቦታል፤ አይሮፕላን በቤቶች ጣራ ላይ ሲያልፍ ማየት ለአዲስ አበባ ሰው የዘወትር ነገር ሆኗል። በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በተባለው ስፍራ ለሚሠራው ታላቅ ማረፊያ ደግሞ የንድፍ ሥራ ውል በ2024 ተፈርሟል። በዚያ ለዘመናት ሲያርሱ የኖሩት ገበሬዎች ሌላ ስፍራ ማግኘት አለባቸው፤ ዛሬ ባዶ የሆነው ዙሪያውም ነገ በቤት እንደሚሞላ ቦሌ ምስክር ነው። ስለዚህ የድምፁ ክልል በካርታ ተሥሎ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ቢገለጥ፤ ቦታ የሚመራ ሹም ካርታውን ሳያይ ባይፈርም፤ ሕፃን የምታስተኛ እናት፣ አስተማሪውና የመንደሩ ሽማግሌ በጉባኤው ቢቀመጡ፤ ለአቤቱታቸውም በጽሑፍ መልስ ቢሰጥ መልካም ነው። ምክር የሚባለው ነገሩ ሳይቈረጥ ሲሆን ነው፤ ከተቈረጠ በኋላ ሲሆን ግን ማስታወቂያ ይባላል።

ቤት ለመሥራት ወይም ለመግዛት ያሰበ የቤት አባትም የራሱ ድርሻ አለው። ቦታውን በአንድ ቀን ጕብኝት አይመርምር፤ በሌሊትም በንጋትም ይመላለስበት። አይሮፕላን የሚነሣው ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ስለሆነ ነፋሱ ሲለወጥ መንገዱም ይለወጣል፤ ዛሬ ጸጥ ያለው ሰፈር በሌላ ወራት ላይሆን ይችላል። ቤቱን ገዝቶ የሚኖር ሰውም ድምፅ በቀጭን ስንጥቅ እንኳ እንደሚገባ አውቆ የልጆችን መኝታ ከማኮብኰቢያው ተቃራኒ በሆነው ወገን ያድርግ፤ መስኮትና በሩንም አጥብቆ ያሠራ። ይህ ግን የቤቱን ውስጥ እንጂ ግቢውንና ሜዳውን አያድንም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ማኮብኰቢያው ከተነጠፈ፣ ትምህርት ቤቱም ከታነጸ በኋላ የሚደረገው ጩኸት ጅብ ከሄደ በኋላ እንደ ጮኸው ውሻ ይሆናል። መሬት ገና በካስማና በገመድ ሲለካ የተጠየቀ ጎረቤት ግን የማረፊያው ጠባቂ ይሆናል እንጂ ጠላት አይሆንም።