የፎገራ የሩዝ ገንዘብ፦ ወደ አክሲዮን ወይስ ወደ ቦንድ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወረታ ላይ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር፣ ጋሸናና ወልድያ ያመራል። የፎገራ ሩዝ በዚሁ መገንጠያ ዙሪያ ይፈለፈላል፣ ይመዘናል፣ ይጫናል። በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ አዝመራው ሲሰበሰብ በከተማዋ ብዙ ገንዘብ ይዘዋወራል። ይህ ገንዘብ የታወቁ ማረፊያዎች አሉት። ገሚሱ ተመልሶ ሩዝ ሆኖ መጋዘን ይገባል፤ ሌላው መፈልፈያ፣ ቤት፣ የጭነት መኪና ወይም ከብት ይሆናል።

ባለፉት ዓመታት ግን አክሲዮንና ቦንድ ወደ ነጋዴው ደጅ መጥተዋል። በ2014 ዓ.ም ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ብቻውን ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖችን ሰብስቧል። ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ የተሸጠው ቦንድ ከሲቪል ሠራተኛ እስከ አርሶ አደር ደርሷል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር አማካይነት ለሕዝብ አቀረበ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ።

ታዲያ ሩዝ በእጁ አፍሶ፣ በጥርሱ ነክሶ ጥራቱን የሚያውቅ ነጋዴ ወረቀት የሚመርጠው በምን ይሆን? ገዢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዚህ እንደሚከተለው ቀርበዋል።

አክሲዮንና ቦንድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አምስት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የሩዝ መፈልፈያ ቢተክሉ ሸሪኮች ናቸው። መፈልፈያው ሲያተርፍ ይካፈላሉ፤ ሞተሩ ተቃጥሎ ሲቆም አብረው ይከስራሉ። አክሲዮን ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ ሸሪኮቹ በሺህ የሚቆጠሩ መሆናቸውና የአንዱ ባለአክሲዮን ኪሳራ ካስገባው ገንዘብ አለማለፉ ነው። ኩባንያው ዕዳ ቢበዛበት አበዳሪው የባለአክሲዮኑን ቤትና መሬት አይጠይቅም።

ስድስተኛው ሰው ለመፈልፈያው ገንዘብ አበድሮ፣ በቀጠሮው ቀን ከነወለዱ ለመቀበል ቢዋዋል ግን አበዳሪ እንጂ ሸሪክ አይደለም። ቦንድ የገዛ ሰው እንዲሁ ነው። ትርፉ ቢበዛ ወለዱ አይጨምርለትም፤ ድርጅቱ ፈርሶ ንብረቱ ሲሸጥ ግን ከባለአክሲዮኖች ቀድሞ ይከፈለዋል። ባለአክሲዮን የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ፣ የተረፈ ካለ ነው።

ከቦንድ ጋር የሚቀራረበው የግምጃ ቤት ሰነድ ነው። መንግሥት ለ28፣ ለ91፣ ለ182 ወይም ለ364 ቀናት የሚበደርበት ሲሆን፣ ገዢው ከተጻፈበት ዋጋ ባነሰ ገዝቶ በቀኑ ሙሉውን ይቀበላል። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ዋጋው በጨረታ ስለሚወሰን ጥቅሙ እንደ ገበያው ከፍና ዝቅ ይላል።

“ባንኩ 30 በመቶ ከፈለ” ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የትርፍ ድርሻ በመቶኛ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በአክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ነው። ገዢው ከዚያ በላይ ከፍሎ ከሆነ የራሱ ጥቅም ያንኑ ያህል ያንሳል።

ለምሳሌ 1,000 ብር የተጻፈበትን አክሲዮን አንድ ሰው በ1,500 ብር ገዛ እንበል። ኩባንያው 30 በመቶ ሲከፍል ገዢው 300 ብር ያገኛል። ይህ ካወጣው 1,500 ብር ሲሰላ 20 በመቶ ነው። ግብሩም ከዚያው ላይ ተቀንሶ ይቀራል። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን የተጻፈበት ዋጋ 100 ብር ሲሆን የተሸጠው በ300 ብር ነበር። ስለዚህ “ከመቶ ስንት?” ብሎ የሚጠይቅ ገዢ “ከየትኛው መቶ?” ብሎም ሊያክል ይገባዋል።

የትርፍ ድርሻው በእጅ መግባቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገ በኋላ፣ ብዙ ባንኮች ባለአክሲዮኖቻቸው የትርፍ ድርሻቸውን ለአዲስ አክሲዮን መግዣ እንዲያውሉት ጠይቀዋል። ይህ ሀብትን ያሳድግ ይሆናል፤ ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ለመግዛት ያሰበን ሰው ግን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። አዲሱን አክሲዮን ሳይገዛ የቀረም ቢሆን በኩባንያው ውስጥ ያለው ድርሻ ይቀንሳል።

በምሥረታ ላይ ካለ ኩባንያ መግዛት ይሻላል?

“ገና ሳይጀመር የገባ ያተርፋል” የሚባለው አባባል ከልምድ የመጣ ነው። መንግሥት በ1986 ዓ.ም የባንክ ሥራን ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ከከፈተ በኋላ በተቋቋሙት የግል ባንኮች ቀድመው የገቡ ሰዎች ለዓመታት ጥሩ ትርፍ ተካፍለዋል። ነገር ግን ያ ጊዜ ባንኮቹ ከውጭ ተፎካካሪ የተጠበቁበት ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የትናንቱ ትርፍ ለነገው ዋስ አይሆንም።

በምሥረታ ላይ ያለ ድርጅት ያለፈ ሂሳብ የለውም። ለገዢው የሚያሳየው ዕቅድና የመሥራቾቹን ስም ነው። የካፒታሉ መጠን በ2013 ዓ.ም ሲጨምር፣ በምሥረታ ላይ ከነበሩት ባንኮች ገሚሶቹ በተሰጣቸው ጊዜ ደርሰው በሩን ሲከፍቱ ያልደረሱም ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ ተይዞ በቆየባቸው ዓመታት የመግዛት አቅሙ ቀንሷል። በምዝገባ ወቅት ለአገልግሎት ተብሎ የሚከፈለው ገንዘብም ተመላሽ መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

በፈለግሁ ጊዜ መሸጥ እችላለሁ?

ከሁሉም ጥያቄዎች መቅደም የነበረበት፣ ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚነሳው ይህ ነው።

የፎገራ ነጋዴ ጉዳዩን ከሽንኩርትና ከሩዝ ያውቀዋል። ሽንኩርት ዋጋው ወደቀም ወጣ ሳይበላሽ መሸጥ አለበት። ሩዝ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲረክስ መጋዘን ገብቶ እስከ ክረምት ይጠብቃል። ገንዘብ ያስቸገረው ባለ ሩዝም ጠዋት ወደ መፈልፈያ ወስዶ ከሰዓት በኋላ ብር ይዞ ይመለሳል። ዋጋው ላያስደስተው ይችላል እንጂ ገዢ አያጣም።

አክሲዮን ለረጅም ዘመን እንዲህ አልነበረም። ከ1967 ዓ.ም በፊት በአዲስ አበባ አነስተኛ የአክሲዮን ግብይት ነበር። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ታላላቅ ኩባንያዎች ሲወረሱ አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በተመሠረቱት የአክሲዮን ማኅበራት መሸጥ የፈለገ ሰው ገዢውን ራሱ ፈልጎ፣ በዋጋ ተስማምቶ፣ በኩባንያው የአክሲዮን መዝገብ ስም ማዛወር ነበረበት። ለአዲስ አበባ ነዋሪ አስቸጋሪ የነበረው ነገር ለወረታ ነዋሪ እጥፍ ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንና በ2017 ዓ.ም የተከፈተው ገበያ የመጡት ይህን ለመለወጥ ነው። በገበያው የመጀመሪያ ተመዝጋቢ ኩባንያ የሆነው ወጋገን ባንክ ሲሆን ገዳ ባንክም ተከትሏል። ይሁን እንጂ መመዝገብና በየቀኑ ገዢ ማግኘት አንድ አይደሉም። ገበያ ገበያ የሚሆነው ሻጭም ገዢም ሲበዛ ነው። የማክሰኞ ገበያ ሁለት ሰው ብቻ ቢወጣበት የሚሸጠው ሰው የተጠራለትን ዋጋ ከመቀበል በቀር ምን ምርጫ ይኖረዋል?

የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭም በዚህ ረገድ ትምህርት ሰጥቷል። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ሲሆን፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር፣ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን ወይም 999,900 ብር ነበር። ሽያጩ በየካቲት 2017 ዓ.ም ሲዘጋ 47 ሺህ ያህል ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዝተዋል። በአገሪቱ እጅግ የታወቀው ኩባንያ እንኳ ካቀረበው አክሲዮን ገዢ ያገኘው ከአሥር አንዱን ያህል ነው። ነገ የሚሸጥ ሰው ይህን ቁጥር ቢያስታውስ አይጎዳም።

የመንግሥት ቦንድ አይከስርም አይደል?

መንግሥት በራሱ ገንዘብ የተበደረውን በቀኑ ይመልሳል ብሎ ማመን ምክንያታዊ ነው። ጥያቄው የተመለሰው ብር ስንት ኩንታል ይገዛል የሚለው ነው።

ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በጥቅምት 2010 ዓ.ም ነበር። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት 100,000 ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው 107,000 ብር ቆጥሮ ተረከበ። ቀድሞ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130,000 ብር ገብቷል። ብሩ ጨመረ፣ ዕቃው ሸሸ። ከአሥር በመቶ በታች ወለድ የሚከፈልበት የረጅም ጊዜ ቦንድ የያዘም ዕጣው ይኸው ነበር።

ግሽበቱ በ2017 ዓ.ም መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ስለዚህ ቦንድ የሚገዛ ሰው ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ሊያስቀምጥ ይገባል፤ ወለዱንና ግሽበቱን። ወለዱ ካነሰ ገዢው እያበደረ ሳይሆን እየለገሰ ነው። ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የገዙ ብዙዎች ይህን አውቀው፣ ለአገር ብለው አድርገውታል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ለትርፍ የሚገዛና ለአገር የሚሰጥ ገንዘብ ግን በአንድ መዝገብ ባይጻፉ ይመረጣል።

እንዲህ ከሆነ ሩዙ አይሻልም?

ሩዝ ከግሽበት ጋር አብሮ ዋጋው ይወጣል፤ ገዢም አያጣም። ሆኖም የፎገራ ነጋዴ ሀብት በሙሉ በአንድ ሜዳ ላይ ነው። መጋዘኑ፣ መፈልፈያው፣ መኪናውና ቤቱ፣ ለገበሬው በዱቤ የሰጠው ገንዘብ ሳይቀር፣ የሚጠብቁት አንድ ዝናብ ነው። ርብና ጉማራ ከመጠን በላይ ሲሞሉ ሁሉም በአንድ ላይ ይጎዳሉ። ከውጭ የገባ ሩዝ አዲስ አበባ ላይ ሲረክስ ሁሉም በአንድ ላይ ይወርዳሉ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት እንደታየውም መንገድ ሲዘጋ ሁሉም በአንድ ላይ ይቆማሉ።

አክሲዮን ለወረታ ሰው ያለው ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ፎገራ ላይ ዝናብ ቢዛባም የሚሠራ ድርጅት ባለቤት ያደርገዋል። ይህ የሚሆነው ግን ገንዘቡ በአንድ ባንክ ብቻ ሳይከማች ሲቀር ነው። አምስት ባንኮች ውስጥ አክሲዮን ያለው ሰው አምስት ቦታ ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ ሁሉም ባንኮች ግን በአንድ መመሪያ ይተዳደራሉ፣ በአንድ የብር ዋጋ ይመታሉ።

ከማን ነው የሚገዛው?

ወረታ የደላላ አገር ናት። ሩዝ፣ ከብትና ቤት በደላላ ይሸጣል። አክሲዮን ግን ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ያላገኘ ሰው እንዳያገበያይ ሕጉ ይከለክላል። ቀድመው ፈቃድ ካገኙት መካከል ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል ይገኛሉ። ለሕዝብ አዲስ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያም በባለሥልጣኑ የታየ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ ማቅረብ አለበት። በዚህ ሰነድ ውስጥ የኩባንያው ሂሳብ፣ ዕዳ፣ የዳይሬክተሮች ማንነትና የሥጋት ዝርዝር ይገኛል። አስተዋይ ገዢ ንባቡን ከሥጋቱ ዝርዝር ይጀምራል።

የገበያ አዋቂዎች የሚመክሩት ቅደም ተከተል አጭር ነው። መጀመሪያ ለሚቀጥለው ሰኔ የሚያስፈልገው ገንዘብ ይለይ፤ እሱ አክሲዮን አይነካም። እስከ ዓመት የሚቆየው ገንዘብ በባንክ ወይም በአጭር ጊዜ የግምጃ ቤት ሰነድ ይቀመጥ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ባይነካ ቤት የማይጎድልበት ገንዘብ ብቻ አክሲዮን ይግዛ። ሻጩ ስለ ትርፍ መናገር ሲጀምርም ገዢው አንድ ነገር ይጠይቅ፦ “ይህን አክሲዮን ዛሬ መሸጥ ብፈልግ ማን፣ በስንት ይገዛኛል?” ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ካልተገኘ ሩዙ መጋዘን ቢሰነብት ይሻላል።