ገፈርሳ፦ የአንድ አሮጌ የከተማ ውሃ ግድብ ታሪክና ስያሜዎቹ

1. መነሻ

የከተማ ውሃ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በመሐንዲሶች ቋንቋ ነው። የግንቡ ከፍታ፣ የሚይዘው የውሃ መጠን፣ የማጣሪያው አቅም ይመዘገባል፤ ግድቡ የተጠራበት ስም ግን ከርእሱ በቀር ቦታ አያገኝም። የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ግድቦች ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ይባላሉ። ሦስቱም ስሞች ከኦሮምኛ የተገኙ ናቸው፤ በአማርኛ መዛግብት ሲጻፉም ከድምፃቸውና ከትርጉማቸው የተወሰነውን አጥተዋል። ይህ ጽሑፍ የገፈርሳን ታሪክ በአጭሩ ካቀረበ በኋላ ስሞቹ ወደ አማርኛ የተሻገሩበትን መንገድና በቀጣናው ቋንቋዎች ግድብ የሚጠራባቸውን ቃላት ይመረምራል። የተለየ ምልክት ካልተደረገ በስተቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

2. ከምንጭ ወደ ግድብ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ዙሪያ ነው። ነዋሪው ለመጠጥ የሚጠቀመው ከእንጦጦ ተዳፋት የሚወርዱትን ምንጮችና ወንዞች እንዲሁም የጕድጓድ ውሃ ነበር። በ1880ዎቹ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አስገባ። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ በመሆኑ ውሃው ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት፤ ይህም ለዘመኑ ሰው እንግዳ ነገር ስለ ነበር የግጥም ርእስ እስከ መሆን ደረሰ። አገልግሎቱ ግን ከቤተ መንግሥቱ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ከተማው ሲሰፋ ምንጮቹ አልበቁም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ (1928–1933) የከተማው ዕቅድ እንደ አዲስ ሲነደፍ የውሃ ጉዳይም አብሮ ተነሣ፤ የገፈርሳ ግድብም የ1930ዎቹ ሥራ ነው። ቦታው ከከተማው መሐል በስተ ምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአምቦ መንገድ፣ በትንሹ አቃቂ ወንዝ መነሻ ላይ ይገኛል። ምርጫው የመልክዓ ምድር ነው፦ ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ከተማው ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ግድቡ በየጊዜው ተሻሽሏል። በ1940ዎቹ የግንቡ ከፍታ ተጨመረ፤ በ1950ዎቹ የማጣሪያ ጣቢያ ተሠራለት፤ በዚያው ዐሥር ዓመት ከዋናው ግድብ በላይ ደለል የሚያስቀር ሌላ አነስተኛ ግድብ ታከለ። ማጣሪያው በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲያመርት የታቀደ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ በኩል ለገዳዲ እስኪጨመር ድረስ ገፈርሳ የከተማው ዋነኛ የገጸ ምድር ውሃ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ድሬ የተከተለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያም ወዲህ የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ ሰፊውን ድርሻ እየያዘ መጥቷል።

3. ስሞቹ ሲሻገሩ

«ገፈርሳ» በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ በግድቡ ዙሪያ ጎሽ የለም፤ የአካባቢው መታወቂያ የውሃ ወፎች ናቸው። ስሙ ብቻውን ጎሽ በሥፍራው እንደ ነበረ ባያረጋግጥም፣ ለአካባቢ ታሪክ አጥኚ ግን መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ያመለክታል። ስሙን ያለ ትርጉሙ የተቀበለ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ጥያቄ ሊያነሣ አይችልም።

«ለገዳዲ» ሁለት ቃላት ናቸው፦ «ለገ» ወንዝ፣ «ዳዺ» ጠጅ። የሁለተኛው ቃል ተነባቢ በኦሮምኛ አየር ወደ ውስጥ ተስቦ የሚፈጠር ድምፅ ነው። በአማርኛ የድምፅ ሥርዐት ስለሌለ በ«ድ» ይተካል፤ «የጠጅ ወንዝ» የሚለው ትርጉምም በዚያው ይደበዝዛል። ለዚህ ምክንያቱ የፊደል እጥረት አይደለም። ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ለዚህ ድምፅ «ዸ» የተባለ ምልክት ተበጅቶለት ነበር። የአማርኛው መዝገብ ግን የጻፈው የራሱ ተናጋሪ የሚሰማውን ነው።

«ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ሲሆን «ር» ጠብቆ ይነገራል። የግዕዝ ፊደል ጥብቀትን ስለማያሳይ ልዩነቱ በጽሑፍ አይታይም። በዚህ ረገድ ጕዳቱ የኦሮምኛ ብቻ አይደለም፤ አማርኛም በራሱ ቃላት ላይ ይኸው ችግር አለበት።

የአናባቢዎቹ ለውጥ ግን ሥርዐት አለው። የኦሮምኛ አጭር «አ» በቃል መካከል ወደ አማርኛ ግዕዝ (አንደኛ) ድምፅ ይለወጣል፤ በ«ገፈርሳ» ውስጥ «ገ» እና «ፈ» የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። በስም መጨረሻ ሲመጣ ግን ራብዕ ይሆናል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ፊደል «ሳ» ነው። በ«ለገዳዲ» ውስጥ የ«ለገ» መጨረሻ አናባቢ ራብዕ አለመሆኑ አማርኛ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ስም መቀበሉን ያመለክታል። ረጅሞቹ አናባቢዎች በበኩላቸው ወደ ራብዕ፣ ኃምስና ሣልስ ይሄዳሉ።

4. ውሃን ማሰር፣ መዝጋት፣ መገደብ

የቀጣናው ቋንቋዎች ግድብን የሚሰይሙት ከተለያየ አቅጣጫ ነው። በአማርኛ «ግድብ» እና «ገደብ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ውሃን የሚያቆመው ግንብና ሰውን የሚከለክለው ወሰን ከ«ገደበ» ይወለዳሉ። ቃሉ ግንቡንም የተጠራቀመውንም ውሃ ይሸፍናል፤ «ግድቡ ተሰነጠቀ» ሲባል ግንቡ፣ «ግድቡ ሞላ» ሲባል ውሃው ነው። ኦሮምኛ «ሂዻ» ይላል፤ ሥሩ ማሰር ነው። የሶማልኛው «ቢዮ ሒሬን» ሁለት ክፍል አለው፤ «ቢዮ» ውሃ ነው፣ «ሒር» መዝጋት ነው። በኤርትራ ትግርኛ የጣሊያንኛው «ዲጋ» ሥር ሰድዷል፤ ለአስመራ ውሃ የሚሰጠው ማይ ነፍሒም «ዲጋ» ነው። በሱዳን ዐረብኛ ሁለት ስያሜዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፦ የሰናሩ «ኸዛን»፣ የመረዌው ደግሞ «ሰድ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ማከማቸትን፣ ሁለተኛው መግታትን ያጎላል። ስዋሒሊ በ«ብዋዋ» የሚነሣው ከኵሬው ነው፤ ግንቡ በቃሉ ውስጥ ኋላ የመጣ ትርጉም ነው።

አማርኛና ትግርኛ የጣሊያን አገዛዝን ያዩ፣ የሥጋ ዝምድናም ያላቸው ቋንቋዎች ሆነው ሳለ በዚህ ቃል መለያየታቸው ትኵረት ይሻል። ገፈርሳ በጣሊያን ዘመን ዕቅድ ውስጥ ቢወለድም «ዲጋ» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ አልጸናም። የአምስት ዓመቱ ወረራና የኤርትራ ረጅም ቅኝ አገዛዝ በቃላት ላይ የተዉት አሻራ እኩል አይደለም። ይህ ማለት ግን የአዲስ አበባ የውሃ ቃላት ከብድር ነጻ ናቸው ማለት አይደለም። «ቱቦ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ከ«ቧንቧ» ጋርም ሥራ ተከፋፍሏል። በአዘቦት ንግግር ቧንቧ ንጹሑን ውሃ ያመጣል፣ ቱቦ በብዛት ፍሳሹን ይወስዳል። በዕለት ኑሮ «ቦኖ» የጋራ የውሃ መቅጃ ነው። «ሮቶ» የንግድ ስም ሆኖ ሳለ የማንኛውም ፕላስቲክ ማጠራቀሚያ መጠሪያ ሆኗል። «ፈረቃ» ደግሞ ከሠራተኛ ተራ ተነሥቶ ውሃ ወደ ሰፈር የሚመጣበትን ቀን እስከ መሰየም ደርሷል። የግድቦቹ አቅምና የከተማው ፍላጎት አለመመጣጠን በዚህ አንድ ቃል ይነበባል።

5. ማጠቃለያ

የገፈርሳ ታሪክ የአንድ ከተማና የአካባቢው ታሪክ ነው። ውሃው ከኦሮሚያ መሬት ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ስሙም አብሮ ወርዷል፤ ውሃው ግን በማጣሪያ ጠርቶ ሲደርስ ስሙ ከትርጉሙ ተለይቶ ደረሰ። የከተማው ነዋሪ ጎሹን ሳያውቅ «የገፈርሳ ውሃ» ይላል፤ ጠጁን ሳያስብ ከለገዳዲ ይጠጣል። ስለዚህ የቦታ ስሞች በመዝገብ፣ በካርታና በምልክት ሰሌዳ ሲሰፍሩ የአካባቢው ተናጋሪ የሚጠራበት ድምፅ፣ የቃሉ ትርጉምና በሌላው ቋንቋ የተለመደው አጻጻፍ ጎን ለጎን መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ደለል ግድብን ቀስ በቀስ ይሞላል፤ አንድ ቀን ገፈርሳ ውሃ መስጠቱን ሊያቆም ይችላል። ያን ጊዜ ከሥፍራው የሚተርፈው ስሙ ነውና፣ ትርጉሙን የሚያውቁት ሰዎች ሳሉ መመዝገቡ ተገቢ ነው።