«ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው?»
ከፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ

እዚህ ፍሌሚንግደን ፓርክ በምኖርበት ሕንፃ አንድ የማከብራቸው አዛውንት አሉ። ለፍትሕና ለዴሞክራሲ ከተጠራ ሰልፍ ቀርተው አያውቁም። በቅርቡ የሐሞት ጠጠር አሟቸው ሆስፒታል ገቡ። ቀዶ ሐኪሟ መጥታ ምን እንደምታደርግላቸው በዝርዝር አስረዳቻቸው። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው በያት» አሉ።

ድነው ከወጡ በኋላ ቡና ላይ ይህን ሲያጫውቱን ሁላችንም ሳቅን። እኔን ግን ከነከነኝ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ውቅያኖስ ተሻግሮ ተከትሎናል ማለት ነው? እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነቴ ዘመን «ሴት ሐኪም» የሚል ርዕስ ስንት ጊዜ አሳልፌያለሁ፤ «ወንድ ሐኪም» የሚል ግን አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም።

ለመሆኑ ጥርጣሬው መሠረት አለው? መልሱ የተገኘው እዚሁ ኦንታሪዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የ104,630 ሕሙማንን መዝገብ መርምሮ፣ በሴት ቀዶ ሐኪሞች የታከሙት በ30 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በመጠኑ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ይሁንና በ2019 የወጣ ሌላ የኦንታሪዮ ጥናት፣ ሴቶቹ በቀዶ ሕክምና ላይ ለሚያሳልፉት ሰዓት ከወንዶቹ 24 በመቶ ያነሰ እንደሚከፈላቸው አጋለጠ።

ማኅበራዊ መገናኛ ለእነዚህ ሴቶች አንደበት ሆኗቸዋል። በ2015 «ቀዶ ሐኪም እኔን ይመስላል» እያሉ ፎቶግራፋቸውን በትዊተር አወጡ። መሣሪያው ግን ሁለት አፍ አለው። አንድ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና መጽሔት፣ የወጣት ሐኪሞችን ገጾች በርብሮ የዋና ልብስ ፎቶን ሳይቀር ከሥነ ምግባር ጉድለት የሚቆጥር ጥናት አተመ። በ2020 ሴት ሐኪሞች እዚያው ማኅበራዊ ገጽ ላይ የዋና ልብስ ፎቷቸውን እየለጠፉ ተቃወሙ፤ መጽሔቱም ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን ሰረዘ።

እኛስ ምሳሌ አጥተን ነው? ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በመጀመሪያ ምጣቸው በፌስቱላ ተጎድተው አዲስ አበባ የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ሴት ነበሩ። ከዶክተር ካትሪንና ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ቀዶ ሕክምናን ተማሩ። በ1989 ከእነሱ ጋር የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። በ2018 ቢቢሲ ከዓመቱ 100 ሴቶች መካከል ስማቸውን አሰፈረ።

አደባባይ ወጥተን ስለ እኩልነት የምንጮህ ሰዎች፣ አልጋ ላይ ስንተኛም እኩልነትን ልናስታውሳት ይገባል። ለአዛውንቱም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፦ «ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ መጥታ፣ አድናዎት ሄዳለች!»

ቸር ይግጠመን።