ኤሊን በደጋ ማሞቅ

ኤሊ በግቢ ማኖር በከተሞቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሣር ይግጣል፣ ጎመን ይበላል፣ አይጮኽም። ስለዚህ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ምግቡ ነው። በአምቦ፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ ከፍታ ግን ከምግቡ በፊት ሙቀቱ መታሰብ አለበት። አንድ የተወሰነ ዲግሪ መምረጥም አይበቃም፤ ግቢው የሚሞቅ፣ የሚያቀዘቅዝና ደረቅ ማደሪያ የሆነ ቦታ ካለው፣ ቀሪውን ኤሊው ራሱ ያስተካክለዋል።

በአገራችን በብዛት የሚታወቀው፣ ቅርፊቱ እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር የሆነው የየብስ ኤሊ፣ የሞቃትና የደረቅ ሣራማ ሜዳ ፍጡር ነው። እንደ በግ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጡ አያገኝም፤ ከፀሐይ ይበደራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥቶ አንገቱንና እግሮቹን ዘርግቶ ሲሞቅ የሚያየው ሰው ሰነፍ ይመስለዋል። ኤሊው ግን ሥራ ላይ ነው። የበላውን ሣር በአንጀቱ ውስጥ የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚሠሩት ሰውነቱ ሲሞቅ ነው፤ ከቀዘቀዘ ምግቡ ሳይፈጭ ይቀመጣል። ኤሊ የሚያረቡ ባለሙያዎች የመሞቂያው ቦታ 35 ዲግሪ ገደማ፣ የተቀረው ግቢ በቀን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራሉ።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አምቦ 35 ዲግሪ ከየት ይመጣል? ይህ ጥያቄ የአየሩን ሙቀትና ፀሐይ የመታውን ነገር ሙቀት ያምታታል። አየሩ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን ፀሐይ የመታው ጠፍጣፋ ድንጋይ በቀላሉ ከዚያ በላይ ይግላል። የደጋ ፀሐይ ሌላም ጥቅም አላት፦ ለአጥንትና ለቅርፊት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ የሚያስገኘው የማይታይ ጨረር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል። ይህን ጨረር የመስኮት መስታወት ያስቀረዋል፤ በሳሎን መስኮት ሥር የሚሞቅ ኤሊ ሙቀቱን ብቻ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ በሚያይ ግድግዳ ሥር ድንጋይ ማንጠፍ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቁጥቋጦ ወይም የሣር ዳስ ማዘጋጀት፣ ቴርሞሜትሩንም ግድግዳ ላይ ከመስቀል ይልቅ ድንጋዩ ላይ ማስቀመጥ ይበጃል። ጥላው እንደ ፀሐዩ ግዴታ ነው፤ ሰውነቱ 40 ዲግሪ ካለፈ ሊሞት ይችላል፣ እኩለ ቀን ላይ የተዘጋ የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ምድጃ ነው።

ከተማውም ይለያያል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ባኮ በ1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለኤሊ የምትመች ናት፤ ከፍ ብላ ያለችው የጀልዱ ብርድ ግን ለዚህ እንስሳ አይሆንም።

«የእኔ ኤሊ ምንም ሳይደረግለት ዓመታት ኖሯል» የሚል ባለቤት አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ኤሊ ቶሎ አይሞትም። ግን መኖርና መድላት አንድ አይደሉም። የፈተናው ወቅት ክረምት ነው። ደረቅ የጥቅምት ብርድ ሌሊት አልፎ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፤ በሐምሌ ግን ሰማዩ ለቀናት ይደፈናል፣ መሬቱም ይጨቀያል። ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ሳንባው ይታመማል። አፍንጫው ላይ አረፋ ከታየ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ምግብ ከተወ፣ ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። መከላከያው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጭድ የተነጠፈበት፣ ነፋስ የማያስገባ ማደሪያ ነው።

«ታዲያ ለምን ሌት ተቀን አምፖል አላበራለትም?» ለሚለውም መልስ አለ። ኤልኢዲ አምፖል ብርሃን እንጂ የሚረባ ሙቀት አይሰጥም። ሙቀት የሚሰጠው አምፖልም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ጭድ ከነካም እሳት ያስነሳል፣ ሌሊቱን ከበራ እንስሳውን እንቅልፍ ይነሳል። በክረምት ቀን፣ ከላይ ተሰቅሎ፣ የማደሪያውን አንድ ጥግ ብቻ ቢያሞቅ ይረዳል። ከሥር ማሞቅ ግን አይመከርም፤ ኤሊ ሙቀትን የሚጠብቀው ከላይ ስለሆነ ሆዱ እየተቃጠለ ላይሸሽ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ያለው ጥያቄ ግን ኤሊውን ማምጣት ይገባ ነበር ወይ የሚለው ነው። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል፤ የየብስ ኤሊዎች ዓለም አቀፍ ንግድም በስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ኤሊ ጤነኛ ሆኖም የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ሊሸከም ስለሚችል የነካው ልጅ እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። በፈቃድ የያዘ ሰው ደግሞ ግቢውን በበጋ ፀሐይ አይመዝነው። በነሐሴ ዝናብ ደረቅ ማደሪያ ማዘጋጀት የማይችል ከሆነ፣ ኤሊ ባያኖር ይሻላል።