የሌማን ሐይቅ ጀልባዎችና ንግዳቸው

ጄኔቭ የተባለችው የስዊስ ከተማ ስሟ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት የኢትዮጵያን አቤቱታ ያሰሙት በዚያች ከተማ ነውና። ከተማይቱ በዳርቻው ስለ ተቆረቆረችበት ስለ ሌማን ሐይቅና በላዩ ስለሚካሄደው የጀልባ ሥራ ግን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ስዊስ እንደ አገራችን የባሕር በር የሌላት አገር ስትሆን፣ ከዚህ ሐይቅ ያገኘችውና የምታገኘው ጥቅም ለነጋዴ ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ ባጭሩ እንገልጸዋለን።

ሐይቁ በአልፕስና በዡራ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 372 ሜትር ከፍ ብሎ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተጠማዝዞ ይገኛል። ስፋቱ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ እስከ 310 ሜትር ይደርሳል። የሮን ወንዝ በምሥራቅ ገብቶ በጄኔቭ በኩል ይወጣል። የሰሜኑ ዳርቻ የስዊስ ነው፤ የደቡቡም አብዛኛው የፈረንሳይ ነው።

የየብስ መንገድ ከመሻሻሉ በፊት ከባድ ጭነት የሚጓጓዘው በውሃ ላይ ነበር። ባርክ የሚባሉት፣ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ያላቸው ትልልቅ ጀልባዎች በፈረንሳይ ዳርቻ ከሚገኘው ከሜይሪ የድንጋይ ካባ እየጫኑ ለጄኔቭ ሕንፃ ሠሪዎች ያቀርቡ ነበር። ድንጋዩ ለመጫንና ለማራገፍ እንዲቀል በጀልባው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ከላይ በወለሉ ላይ ይከመር ነበር። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት የሚያመላልሱትን የጣና ታንኳዎች ያየ ሰው፣ መጠኑ እጅግ ቢለያይም የሥራውን ጠባይ በቀላሉ ይረዳዋል። ነገር ግን ባቡርና የጭነት መኪና ጭነቱን ወሰዱ፤ ሲሚንቶም የድንጋዩን ገበያ ቀነሰው። በዚህም ምክንያት ድንጋይ ከመጫን በቀር ሌላ ሥራ ያልነበራቸው ጀልበኞች እንጀራቸውን አጡ። ከባርኮቹ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነርሱም አንዷ በ1904 የተሠራችው ኔፕቱን ስትሆን፣ ዛሬ የምትጭነው ድንጋይ ሳይሆን መንገደኛ ነው።

የመንገደኛው ንግድ የተጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። በ1823 ኤድዋርድ ቸርች የተባለ አሜሪካዊ ጊዮም ቴል የተባለችውን የመጀመሪያይቱን የእንፋሎት መርከብ በሐይቁ ላይ አሰማራ። ከዚያም ብዙ ተፎካካሪዎች ተነሡ፤ በ1873 ሦስት ኩባንያዎች ተዋሕደው እስካሁን የሚሠራውን የሌማን ሐይቅ ጠቅላላ የመርከብ ኩባንያ አቋቋሙ። ይህ ኩባንያ ከ1904 እስከ 1927 የተሠሩ፣ በጎንና በጎናቸው በሚሽከረከሩ መንኮራኩሮች የሚሄዱ ስምንት መርከቦች አሉት። የቮ ክፍለ አገር መንግሥት በ2011 እነዚህን መርከቦች በታሪካዊ ቅርስነት መዝግቦ በሕግ እንዲጠበቁ አድርጓል። ኩባንያው የሚኖረው ግን በሀገር ጎብኚዎች ብቻ አይደለም። ከፈረንሳዩ ዳርቻ ከኤቪያን ተነሥተው በሎዛን ሥራቸውን የሚውሉ ሠራተኞች ማለዳና ማታ በመርከብ ይመላለሳሉ። ይህን ደንበኛ ያስገኘው ሰዓትን አክብሮ መነሣት ነው፤ የማይታመን መርከብ ሠራተኛን ከደመወዙ ያጣላልና።

በተራራ መካከል ያለ ሐይቅ ጸጥ ያለ መስሎ ያታልላል። ቢዝ የተባለው ቀዝቃዛ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ቮደር የተባለውም ከሮን ሸለቆ ወጥቶ ሐይቁን በድንገት ያናውጠዋል። ስለዚህ በዳርቻው በየስፍራው የማስጠንቀቂያ መብራት ተተክሏል። መብራቱ በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ሲል ኀይለኛ ነፋስ ሊነሣ ስለሚችል ተጠንቀቁ ማለት ነው፤ 90 ጊዜ ብልጭ ሲል ግን ማዕበል ስለ ደረሰ ፈጥናችሁ ወደ ወደብ ግቡ ማለት ነው። ከ15 ካሬ ሜትር የበለጠ ሸራ ያለውን ጀልባ የሚነዳም ሰው ተፈትኖ የመንጃ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ይህ ጥብቅ ደንብ ንግዱን አልጎዳውም፤ ቤተሰቡን ይዞ በውሃ ላይ የሚዝናና ሰው የሚበዛው አደጋው ሲቀንስ ነውና።

በሸራ ጀልባ መሽቀዳደምም የታወቀ ሥራ ሆኗል። በ1939 የተጀመረው ቦል ዶር የተባለው ውድድር ከጄኔቭ ተነሥቶ በሐይቁ ሌላ ጫፍ ያለችውን ቡቭሬን ዞሮ ይመለሳል፤ መንገዱም 123 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጄኔቭ የጀልባ ማኅበር የወጣችው አሊንጊ በ2003 በኒው ዚላንድ ኦክላንድ የአሜሪካን ዋንጫ አሸነፈች። ከኒው ዚላንድ የተቀጠሩ ባሕርተኞች ቢኖሩባትም፣ የባሕር በር የሌለው አገር ይህን ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ጀልባ ሠሪው፣ ሸራ ሰፊው፣ ሞተር ጠጋኙ፣ የመቆሚያ ስፍራ አከራዩና ባለ ሆቴሉ ትርፋቸውን ያገኛሉ።

እንግዲህ አስመጪም ሆነ ላኪ፣ ባለ ሱቅም ሆነ አጓጓዥ ከዚህ የሚማረው ግልጽ ነው። የሌማን ውሃ ድንጋይ ሲጫንበትም ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው ጭነቱ ነው። ጭነቱ ከእጁ ሳይወጣ አዲሱን ደንበኛ የፈለገ፣ ሰዓቱንና ደንቡንም ያከበረ ሥራውን ለልጁ አወረሰ፤ የድሮውን ጭነት ብቻ ሲጠብቅ የቆየው ግን ጀልባውን ሸጠ።