ያውቁ ኖሯል? ከአምቦ የተላከ ጥያቄ ስንት ሰከንድ ይጠበቃል?

በቀጥታ በተዘረጋ የፋይበር መስመር ከአምቦ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ብርሃን ከ2 ሚሊሰከንድ በታች ይበቃዋል። ከጉደር ወይም ከጌዶ ቢላክም ልዩነቱ ኢምንት ነው። መልስ በሰከንዶች ሲዘገይ ታዲያ ምክንያቱ ርቀት ሳይሆን የመስመር መጨናነቅ፣ የመብራት መቋረጥ ወይም መንገድ ላይ የጠፋ መልእክት ነው።

ስለዚህ በሶኬት (በኔትወርክ መገናኛ ነጥብ) የሚገናኝ ፕሮግራም የጥበቃ ገደብ ያስፈልገዋል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ትእዛዞች አንዱ፣ «ሰሌክት»፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ከቢኤስዲ ዩኒክስ ጋር ወጣ። ዛሬ ሊኑክስም ዊንዶውስም አላቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሊኑክስ ጥበቃው ሲያበቃ የተሰጠውን ገደብ በቀረው ጊዜ ይተካዋል፤ ዊንዶውስ እንዳለ ይተወዋል። ገደቡን አንዴ ብቻ ሞልቶ በዙር የሚጠብቅ ኮድ ዊንዶውስ ላይ በደህና ሠርቶ፣ ሊኑክስ ላይ ጊዜው አንዴ ካለቀ በኋላ ገደቡ ዜሮ ይሆንበታል፤ ከዚያ ምንም ሳይጠብቅ እየተሽከረከረ ፕሮሰሰሩን ይፈጃል። ስህተቱ ለማየት አስቸጋሪ፣ ለማረም ግን ቀላል ነው፦ ገደቡን በየዙሩ እንደገና መሙላት።

«ሰሌክት» በአንዴ የሚጠብቃቸው ሶኬቶች ብዛትም ይለያያል፤ ዊንዶውስ ካልተቀየረ 64፣ ሊኑክስ 1024 ይይዛል። ብዙ ደንበኛ ለሚያስተናግድ ፕሮግራም «ፖል» የተባለው ትእዛዝ ይሻላል። እሱ ገደቡን በሚሊሰከንድ ይቀበላል፤ የሰጡትንም ቁጥር አይነካም።

ገደቡን ሲመርጡ አይሰስቱ። ሊኑክስ ምላሽ ያጣ የግንኙነት ጥያቄን መጀመሪያ የሚደግመው ከ1 ሰከንድ በኋላ ነው። ግማሽ ሰከንድ ብቻ የሰጠ ፕሮግራም መስመሩ ራሱን ሳያርም ተስፋ ይቆርጣል።